ይድረስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ?

ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «ከቅርጫት ኳስ ተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት እንዴት ተሻገሩ?» ትሉኛላችሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ስላችሁ ትስቃላችሁ። ቀልድ ይመስላችኋል። ዛሬ ጊዜ ወስጄ ላስረዳችሁ።

እኔ ኮከብ አልነበርኩም። በልጅነቴ ከእኩዮቼ መካከል የሚደርስብኝ አልነበረም። ወደ ፕሮፌሽናሉ ስገባ ግን እዚያ ያለው ሰው ሁሉ በልጅነቱ የሚደርስበት ያልነበረ መሆኑን አየሁ። 11 የውድድር ዘመን ተጫውቻለሁ። ቋሚ ተሰላፊ የነበርኩት 2ቱን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ከ40 ደቂቃ ጨዋታ 8፣ ቢበዛ 10 ደቂቃ ብገባ ነው። 30ውን ደቂቃ ወንበር አሞቅ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በኩርፊያ ጨረስኳቸው። ፎጣ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ጫማዬን አያለሁ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማን እንዳሸነፈ ከሰሌዳው ላይ አንብቤ ያወቅኩበት ቀን ሁሉ አለ።

አንድ ምሽት አጠገቤ የተቀመጠ አንጋፋ ተጫዋች ፎጣዬን ገፈፈና ጠየቀኝ።

«ያ 9 ቁጥር ኳስ ሲይዝ በየት በኩል ማለፍ ይወዳል?»

«እኔ እንጃ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ፊትህ ሲሮጥ ነበር እኮ። በቀኙ ነው። ግራውን አይወድም። አሁን ብትገባ ምን ልታደርገው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ምሽት ጭራሽ አልገባሁም። ቤት ስደርስ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሰልጣኙ አላስገባኝም ብዬ ስንት ቀን ተማርሬያለሁ። ቢያስገባኝ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመርኩ። ማየት ስል ኳስ ማየት አይደለም። ኳስማ ተመልካቹም ያያል። እናንተ ኳስ ያልያዙትን 9 ሰዎች እዩ። በተለይ እግራቸውን። እጅ ይዋሻል፣ ዓይንም ይዋሻል፣ እግር መዋሸት ይከብደዋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ፒክ ኤንድ ሮልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ረጅም ተጫዋች መጥቶ ስክሪን ይሠራል። ኳስ ለያዘው ጓደኛው የተከላካዩን መንገድ ይዘጋለታል። ኳስ የያዘው በጎኑ ያልፋል። ስክሪን የሠራው ደግሞ ዞሮ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። ይኸው ነው። ግን ተከላካዩም ምርጫ አለው። ስክሪኑን በላይ በኩል ተጣብቆ ቢከተል፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይቀርና መሃሉ ክፍት ይሆናል። በታች በኩል ዞሮ ቢቀድም፣ ከሩቅ ለመወርወር ጊዜ ይገኛል። ሁለቱ ተከላካዮች ሰው ቢለዋወጡ ደግሞ አንድ ቀርፋፋ ረጅም ሰው ከአንድ ፈጣን አጭር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። የትኛው እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ በፊት ይታወቃል። የተከላካዩ የኋላ እግር ወዴት እንደዞረ ማየት ነው።

ሌላም አለ። ከወዲያ ማዕዘን የቆመው ተከላካይ መሃሉን ለመርዳት ብሎ ሁለት እርምጃ ይገባል። ሁለት እርምጃ ከገባ ጥሎት የመጣው ሰው ብቻውን ቀርቷል ማለት ነው። ተጫዋች እያለሁ ይሄን ሁሉ እሠራው ነበር። እጄ ያውቀዋል። ዓይኔ ያወቀው ግን ወንበር ላይ ሆኜ ነው። አፌ እስኪያውቀው ድረስ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይቀረኝ ነበር። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ይሄ የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ስቲቭ ከርን አስቡት። በተጫዋችነቱ 5 የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ዋንጫ አለው። አብዛኛውን ዕድሜውን ግን ከወንበር እየተነሳ የሚገባ ሰው ነበር። በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የፍጻሜ ጨዋታ ማይክል ጆርዳን አቀብሎት ያስቆጠራት ኳስ የዩታን ተስፋ ቆርጣለች። በ2014 የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ሆነ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ዋንጫ አነሳ። ፊል ጃክሰንም እንዲሁ ተጠባባቂ ነበር። ኒውዮርክ በ1970 ዋንጫ ስትወስድ ጀርባውን ታሞ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በአሰልጣኝነት ግን 11 ዋንጫ ወስዷል። ኤሪክ ስፖልስትራ በጀርመን 2 ዓመት ተጫውቶ፣ በ1995 በማያሚ የቪዲዮ ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረ። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2008 ነው። 13 ዓመት ማለት ነው።

በሌላ በኩል ማጂክ ጆንሰን አለ። የእሱን ያህል ሜዳ የሚያይ ተጫዋች ጥቂት ነው። በ1994 የሌከርስ አሰልጣኝ ተደረገ። 16 ጨዋታ መርቶ 5 አሸነፈ፣ 11 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አላሰለጠነም። እኔ ሲመስለኝ ማጂክ የሚያየውን ነገር ሌሎቹም የሚያዩት መስሎት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ዛሬ ጫማ ሰቅሎ ነገ ማሰልጠን ለትልቁም ሰው አይቀናም።

«ላሪ በርድስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ታላቅ ተጫዋች ነበር፤ አሰልጥኖ አያውቅም ነበር። በ1997 ኢንዲያናን ተረከበ፣ በ1998 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፣ በ2000 ለፍጻሜ ደረሰ። ግን ከረዳቶቹ አንዱን ማን አደረገ? በቦስተን አብሮት ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረውን ሪክ ካርላይልን። ማጥቃቱን ለእሱ ሰጠው። ካርላይል በ2011 ዳላስን ይዞ ሻምፒዮን ሆኗል። በርድ የማያውቀውን አውቆ ለሚያውቀው ሰጠ። እኔ ከጨዋታው ይልቅ ይሄን አደንቅለታለሁ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁና፣ ይህን ጨዋታ በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። ስትሸነፉ እሱን አስታውሱ።

ስለ ጉዳት ደግሞ ልንገራችሁ። በ7ኛ ዓመቴ የጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ዘልዬ ስወርድ «ቋ» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ያስቀምጣል። እኔን 14 ወር አስቀመጠኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ቸኩዬ ተመለስኩና እንደገና አበጠ። ቦታዬን ሰው እንዳይወስድብኝ ብዬ ነበር። ሰው ወሰደው። «ደህና ነኝ» እያላችሁ ሐኪም አትዋሹ።

ተጫዋቿ ቤኪ ሃመን በ2013 ጉልበቷን ስትጎዳ ምን አደረገች መሰላችሁ? እያገገመች ወደ ሳን አንቶኒዮ የወንዶቹ ቡድን ልምምድ ትሄድ ጀመር። ስብሰባቸው ላይ ተቀመጠች፣ ጠየቀች፣ አስተያየት ሰጠች። በዓመቱ እዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆና ተቀጠረች። በ2022 የላስ ቬጋስን የሴቶች ቡድን ይዛ በመጀመሪያ ዓመቷ ዋንጫ በላች። በ2023 ደገመች። እኔ በዚያን ጊዜዬ ሶፋ ላይ ተጋድሜ በሰው ስቀና ነበር። ሴቶች ልጆቼ፣ እናንተ ይቺን ሰው አጥኗት።

መጫወት ማቆም ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። ማንም አይነግራችሁም። እኔን ያሰናበቱኝ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። የሚቀጥሉት ስም ተዘርዝሯል፣ የእኔ የለም። ስልኬ ለወራት ዝም አለ። ጠዋት ተነስቼ ሳላስበው የልምምድ ቦርሳዬን አንስቼ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው ምክሬ። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ የመጨረሻው ውል የመጨረሻ መሆኑን ደግሞ አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ውል ጀምራችሁ ቆጥቡ።

ከዚያ በረዳት አሰልጣኝነት ተቀጠርኩ። ረዳት ይባል እንጂ ሥራዬ ቪዲዮ መቁረጥ ነው። ደሞዙ ተጫዋች ሳለሁ ከማገኘው ሩቡን አይሞላም። አንድ ጨዋታ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አያለሁ። በ4 ዓመት ውስጥ ከ11 ዓመት ጨዋታ ያላወቅኩትን አወቅኩ።

ዋና አሰልጣኝ ስሆን ግን ተዘረርኩ። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ማጥቃቱን የሚመራ)፣ ፈጣን፣ ታዛዥ። ከማዕዘኑ ብቻውን የቆመውን ሰው በፍጹም አያቀብለውም። «ክፍት ነበር እኮ! አታይም?» እያልኩ እጮህበታለሁ። «አላየሁትም ኮች» ይለኛል። ሰበብ መስሎኝ አስቀመጥኩት። ሦስት ጨዋታ አስቀመጥኩት።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ንዴቴ በረድ ሲል፣ የት ቆመህ ነው የማታየው፣ አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። ሁለት ረጃጅም ተከላካዮች እጃቸውን አንስተው ፊቱ ቆሙ። ቦታው ላይ ቆሜ አየሁ። ለእኔ ማዕዘኑ ወለል ብሎ ይታየኛል። ልጁ ግን ከእኔ በአንድ ራስ ያጥራል። ጎንበስ አልኩ፣ በእሱ ቁመት ልክ። ምንም አይታይም። እጅና ደረት ብቻ።

በጣም አፈርኩ። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኩት። መፍትሔው ቀላል ነበር። ከማቀበሉ በፊት አንዴ ኳሱን ወደ ጎን እንዲያነጥር አደረግን። ያኔ መስመሩ ይከፈትለታል። በሁለት ሳምንት ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰው ኳስ በኳስ ሆነ። እጄ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም ያልኳችሁ ይሄ ነው። እኔ የማውቀው በእኔ ቁመት ነበር።

ታይም አውትም፣ አሰልጣኝ ጨዋታ አስቁሞ የሚመክርበት አጭር እረፍት፣ እንደዚሁ አስተምሮኛል። በዓለም አቀፉ ሕግ አንድ ታይም አውት 1 ደቂቃ ነው። ተጫዋቾቹ እየተራመዱ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ውሃ እስኪጎነጩ ሃያ ሰከንዱ ሄዷል። እኔ በቀረችው ጊዜ ሰባት ነገር እናገር ነበር። አንድ ጊዜ ከታይም አውት ሲነሱ አንዱን ተጫዋች ምን አልኩህ ብዬ ጠየቅኩት። «ተረጋጉ ብለዋል» አለኝ። እንዲያ ብዬ እንኳ አላልኩም! አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምናገረው። ሌላውን ለልምምድ አቆየዋለሁ።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ግን አትሰለፍም፣ አትቀጥልም ማለት ነው። አሁንም አልለመድኩትም። ወረቀት ለጥፌ አላውቅም። ልጁን ለብቻው ጠርቼ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ ምክንያቱን እነግረዋለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ለማጽናናት ብዬ የማይሆን ተስፋ አልሰጥም። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ በሩን ወርውሮ ይወጣል። መብቱ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ለገዛ ቡድን ጓደኞቹ መናገር የነበረበትን ቢል ራስልን አስባለሁ። በ1966 የቦስተን ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ። በኤንቢኤ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ቦስተን በተከታታይ 8 ዓመት ዋንጫ ወስዳ ነበር። በእሱ የመጀመሪያ ዓመት ተቋረጠ፤ ፊላደልፊያ አሸነፈቻቸው። በ1968 እና በ1969 መልሶ ወሰደው። እየተጫወተ! እኔ ቆሜ ብቻ እንኳ ድምፄ ይዘጋል።

በቅርቡ የደረሰብኝን ነግሬያችሁ ላብቃ። ጨዋታው ሊያልቅ 2 ደቂቃ ቀርቶታል። አንድ ወጣት ተጠባባቂዬ፣ በዚያ ቀን ያልገባ፣ ተጠግቶ በጆሮዬ ተናገረኝ።

«ኮች፣ 4 ቁጥራቸው ስክሪን ሊሠራ ሲል ሁልጊዜ ወደ አሰልጣኙ ያያል። ካላየ ስክሪኑ የውሸት ነው፣ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ነው የሚገባው።»

አየሁ። እውነቱን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄን ያየኸው?»

«ከመጀመሪያው ኳርተር።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?»

«አልጠየቁኝማ ኮች።»

ያን ጨዋታ በ3 ነጥብ ተሸነፍን። አሁን በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ስንገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ገና ያልገቡትን ልጆች ነው።