ቴሌቪዥኑ ስድብ ሲለቅ ማን ነው ዝም የሚያሰኘው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው እሁድ ከሰአት ከትልቁ ልጄ ጋር የነሱን ፉትቦል እያየን አንዱ ተጫዋች ማይክ ሲያቀርቡለት በደስታ ይሁን በንዴት እንጃ፣ ያቺን በኤፍ የምትጀምር ቃል ለቀቃት። ልጄ 6 አመቱ ነው፣ ወዲያው ዞር ብሎ "እማ ምን ማለት ነው?" አለኝ፣ ምን ልበለው? ማታ ደሞ በመጫወቻ መኪናው ሲጫወት ስትጋጭበት ደገማት። ባሌ "ለኤፍሲሲ እናመልክት ይቀጧቸዋል" ይላል፣ ጓደኛዬ ደሞ "አሜሪካ እኮ ነጻ አገር ነው፣ ማንም የፈለገውን መናገር ይችላል" ትላለች። የማን ነው ልክ? ደሞስ ዩቱብ ላይ ከዚ የባሰ ሞልቶ የለ እንዴ፣ እሱን ለምን ዝም ይሉታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልሽ ማመልከት ትችላላችሁ ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ይቀጧቸዋል ብሎ እርግጠኛ አይሁን። ጓደኛሽ ደሞ ሕጉን ጨርሳ አልሰማችም።

ኤፍሲሲ ማለት የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፣ ለጣቢያዎች ላይሰንስ የሚሰጠው እሱ ነው። አንድ ነገር ከመተላለፉ በፊት "ይሄን ቁረጡት" ማለት አይችልም፣ የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ ሳንሱር ከልክሎታል። ከተላለፈ በኋላ ግን ሰው ካመለከተ አይቶ መቅጣት ይችላል፣ ያውም በአንቴና የሚገባውን ቴሌቪዥንና የኤፍኤም የኤኤም ሬዲዮን ብቻ፣ ያውም ጸያፍ ለሚባለው ነገር ከጠዋቱ 12 ሰአት እስከ ማታው 4 ሰአት (በዚህ አገር አቆጣጠር ከ6 ኤኤም እስከ 10 ፒኤም) ባለው ጊዜ ብቻ። ከዛ በኋላ ልጆች ተኝተዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ይለቀቃል። ኬብል፣ ሳተላይት፣ ዩቱብ እዚህ ውስጥ የሉም። ልቅ ወሲብ ሌላ ነው፣ ፍርድ ቤት ያን በመናገር ነጻነት አይጠበቅም ስላለ በየትኛውም ሰአት ክልክል ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ኦክቶበር 30 ቀን 1973 ኒውዮርክ ውስጥ ደብሊው ቢ ኤ አይ የሚባል ሬዲዮ ከቀኑ 8 ሰአት ገደማ ስለ ቋንቋና ስለ ሰዉ አመለካከት በሚያወራ ፕሮግራም ላይ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን ቅጂ ለቀቀ፣ በቴሌቪዥን የማይባሉ ቃላት እያለ አንድ ባንድ የሚጠራበትን ማለቴ ነው። ጣቢያው አስቀድሞ አስጠንቅቋል፣ ግን አንድ አባት ልጁን ይዞ መኪና እየነዳ ሬዲዮኑን የከፈተው መሃል ላይ ስለሆነ ማስጠንቀቂያውን አልሰማም። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ ጻፈ። ኤፍሲሲ ጣቢያውን በገንዘብ አልቀጣውም፣ ነገሩ በላይሰንስ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል አለ፣ ጉዳዩ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1978 በ5 ለ4 ድምጽ ኤፍሲሲ አሸነፈ። ዳኞቹ ብሮድካስት ሳይጠሩት ቤት ይገባል፣ ማንበብ የማይችል ህጻንም ይሰማዋል አሉ። በዛ ላይ ፍርድ ቤቱ ከዛ በፊት በ1969 ፍሪኩዌንሲ ውሱን ነገር ስለሆነ ላይሰንስ የያዘ ሰው ግዴታም አለበት ብሎ ነበር። ኬብል ግን ከፍለሽ የምታስገቢው ነው፣ ኢንተርኔት ደሞ የፍሪኩዌንሲ እጥረት የለበትም ልጅም እንደ ሬዲዮ ሳያስበው አይገጥመውም ብሎ ፍርድ ቤቱ በ1997 የመናገር ነጻነቱን በሙሉ ሰጠው። እንግዲህ ለዛ ነው አንድ ቃል በአንቴና ሲመጣ የሚያስቀጣው፣ በስልክ ሲመጣ የማያስቀጣው። እኔ በበኩሌ ይሄ ክፍፍል ዛሬ ልጆቻችን ላሉበት ዘመን አይገጥምም እላለሁ፣ ልጅሽ አንቴናና ዋይፋይ ለይቶ አያይም፣ ስክሪን ነው የሚያየው።

አሁን ያንቺ ጉዳይ። "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ይባል የለ፣ ላይቭ ላይ ያመለጠች አንድ ቃል ታስቀጣለች ወይ የሚለው ነገር አገሩን ለአመታት ሲያናጋው ነበር። በ2003 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ላይ ዘፋኙ ቦኖ በደስታ ያቺኑ ቃል ተናገረ፣ የኤፍሲሲ ቢሮ መጀመሪያ "ለወሲብ አልተጠቀመባትም ችግር የለም" አለ፣ ከዛ በማርች 2004 ኮሚሽነሮቹ ገልብጠውት ቃሏ አንዴም ብትሆን ጸያፍ ናት አሉ። ከዛ በፊት በፌብሯሪ 1 ቀን 2004 በሂውስተኑ የሱፐር ቦውል (የፉትቦሉ የፍጻሜ ጨዋታ) ሃፍ ታይም የዘፋኟ የጃኔት ጃክሰን ጡት ለ9/16 ሰከንድ ያህል ታየ፣ ልብ በይ፣ አንድ ሰከንድ እንኳን አልሞላም፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አቤቱታ ገባ፣ ያስተላለፈው ሲቢኤስ 550 ሺህ ዶላር ተቀጣ (በኋላ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሰርዞታል)። በ2006 ደሞ ኮንግረስ የአንዱን ጥፋት ከፍተኛ ቅጣት ከ32,500 ወደ 325,000 ዶላር አሳደገው።

የኔ ሃሳብ እዚ ላይ ነው፣ እህቴ። ልጄን ከስድብ ልጠብቅ የሚል እናት አያስቆጣኝም፣ እኔም አባት ነኝ፣ ሴት ልጄን ከትምህርት ቤት ስወስዳት ሬዲዮኑ ላይ እጄ የሮጠበት ቀን ብዙ ነው። የሚያስቆጣኝ ወሰኑ የት እንደሆነ ሳይነገር የሚመጣ ቅጣት ነው። በ2004 በአሜሪካ የአርበኞች ቀን የቴሌቪዥን ኔትወርኩ ኤቢሲ ስለ ሁለተኛው የአለም ጦርነት የሚያወራውን ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን ሊያሳይ ሲል ከ60 በላይ የሱ አጋር ጣቢያዎች አናሳይም አሉ፣ ፊልሙን እኮ ኤቢሲ ከዛ በፊት በ2001 እና በ2002 አሳይቶታል፣ ማንም አልነካውም። ወታደሮቹ ይሳደባሉ፣ ታዲያ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ምን ይበል? ጣቢያዎቹን ማንም አልከለከላቸውም፣ ፈርተው ነው የተዉት። ኤፍሲሲ ከወራት በኋላ ፊልሙ ጥፋት የለበትም አለ። በ2006 ግን ስለ ብሉዝ ሙዚቃ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ ያሉ ሙዚቀኞች ያንኑ አይነት ቃል ስለተናገሩ ጸያፍ ነው ተባለ፣ ያሳየውም ካሊፎርኒያ ያለ ትንሽ የኮሌጅ ጣቢያ ነበር፣ 15,000 ዶላር ቅጣት ቀረበበት። የነጭ ወታደር ስድብ ጥበብ፣ የጥቁር ሙዚቀኛ ስድብ ብልግና! ይሄን ያነበበ ፕሮግራም አዘጋጅ ሁለተኛ ደፍሮ እውነተኛ ሰው ማይክ ፊት ያቀርባል? አያቀርብም። እውነተኛው ሳንሱር ለኔ ይሄ ነው፣ መቀሱን የያዘው ባለስልጣኑ አይደለም፣ የራሱ የጣቢያው ሰው ነው፣ የት እንደሚቆርጥ ስላልተነገረው ብዙ አድርጎ ይቆርጣል።

በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ፣ አንድም ዳኛ ሳይቃወም፣ ኤፍሲሲ አስቀድሞ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ስላልሰጠ በዚያ ክርክር የነበሩትን ፎክስንና ኤቢሲን ማስጠየቅ አይችልም አለ። የመናገር ነጻነቱን ጥያቄ ግን ሳይነካው አለፈ፣ የ1978ቱ ፍርድ ዛሬም አለ። በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ የቤዝቦል ተጫዋቹ ዴቪድ ኦርቲዝ በሙሉ ስታዲየም ፊት ላይቭ ያቺን ቃል ሲል የኤፍሲሲው ሊቀመንበር ራሱ ከልቡ ነው የተናገረው ብሎ ደገፈው። ስለዚ ያንቺ ተጫዋች በደስታ ያመለጠው ከሆነ ይቀጣል ብዬ አልገምትም።

ማመልከት ግን መብትሽ ነው፣ በነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም፣ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰአቱንና ምን እንደተባለ ጽፈሽ በኤፍሲሲ ዌብሳይት ታስገቢያለሽ። እኔ ብሆን ባንዲት ያመለጠች ቃል አላመለክትም፣ በየጠዋቱ ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰአት ሆን ብሎ ብልግና የሚደረድር የሬዲዮ አስተናጋጅ ቢሆን ግን በማግስቱ ነው የማመለክተው። ለቤትሽ ደሞ፣ ከ2000 ጀምሮ የሚሸጥ 13 ኢንችና ከዛ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ቪ-ቺፕ አለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ በሬቲንግ (ፕሮግራሙ ለየትኛው እድሜ እንደሚሆን በሚያሳየው ምልክት) ትዘጊያለሽ፣ ስፖርትና ዜና ግን ሬቲንግ ስለሌላቸው ኳሱን አይዘጋልሽም። ልጁንም አትቆጪው፣ "ይቺ ቃል ሰው ታስቀይማለች እኛ ቤት አንላትም" ብትዪው ይገባዋል፣ ስትደነግጪ ነው የሚጥመው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እድሜዬ ገፍቷል፣ አሜሪካ ከመጣሁ 20 አመት አለፈኝ። ነጻነት ነጻነት ይባላል፣ ታዲያ መንግሥት ብልግናን ጠቅልሎ ቢከለክል ምን ይጎዳል? ማን ይቀርበታል?

መልስ፦ አባቴ እድሜ ይስጥልኝ። ጥያቄዎ የቅን ሰው ጥያቄ ነው። የሚቀርበትን አንድ ላሳይዎት። ሮአኖክ ቨርጂኒያ ያለ ጣቢያ በ2012 የምሽት ዜናው ላይ የወሲብ ፊልም ትሠራ የነበረች ሴት የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ መሆኗን ሲዘግብ ከድረ ገጽ ባነሳው ምስል ጠርዝ ላይ ነውረኛ ነገር ለ3 ሰከንድ ያህል ታየ፣ አዘጋጆቹ አላየነውም አሉ። ኤፍሲሲ በ2015 ከፍተኛውን 325,000 ዶላር ቅጣት አቀረበበት። ያ ዜና ነው እንግዲህ አባቴ፣ ሰፈሩን የሚመለከት ዜና። ጠቅልለን እንከልክል ስንል የመጀመሪያው የሚመታው ባለጌው አይደለም፣ እሱ ወደ ሳተላይትና ወደ ኢንተርኔት ሄዶ ገንዘቡን ይሠራል፣ የሬዲዮ አስተናጋጁ ሃዋርድ ስተርን በ2006 ያደረገው ይሄንኑ ነው። የሚመታው ስለ ጡት ካንሰር፣ ስለ መደፈር፣ ስለ ኤድስ በግልጽ ሊያስተምር የሚፈልገው ነው፣ ይሄን ሁሉ የሰውነት ክፍል ሳይጠሩ ማውራት አይቻልምና። የሰአቱ ገደብ ይቆይ እላለሁ፣ ጠቅልሎ መከልከሉን ግን አልደግፍም፣ ስለማልስማማዎት ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዲሲ አካባቢ ከአንድ ኤኤም ጣቢያ የአየር ሰአት ተከራይቼ በሳምንት አንዴ ከምሽቱ 1 ሰአት ላይ በአማርኛ ፕሮግራም እሠራለሁ። ባለቤቱ በቀደም "አድማጭ ላይቭ አታስገባ፣ ፖለቲከኛም አታሰድብ ኤፍሲሲ ይዘጋናል" አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ቀላቅሎብሃል። የጸያፍ ነገር ሕግ የሚነካው ስለ ወሲብና ስለ ሰውነት ቆሻሻ የሚወራን አስነዋሪ ነገር ነው እንጂ ባለስልጣን መተቸትን አይደለም፣ "ሌባ ነው" "ሥልጣን ይልቀቅ" የሚል አድማጭ ኤፍሲሲ ዘንድ ጸያፍ አይባልም (በሐሰት የሰው ስም ማጥፋት ሌላ ነው፣ እሱ በፍርድ ቤት ያስከስሳል)። በአማርኛ መሆኑም አያድንህም፣ ጸያፍ ቃል በየትኛውም ቋንቋ ጸያፍ ነው፣ የምትሠራበት ሰአትም ከገደቡ ውስጥ ነው። ቅጣት ቢመጣ የሚመጣው ላይሰንሱን በያዘው በባለቤቱ ላይ ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባኛል።

ግን ደሞ ባለቤቱ መንግሥት አይደለም፣ የመናገር ነጻነት መንግሥትን ነው የሚያስረው፣ ሰውየው በገዛ ጣቢያው ይሄን አትሥራ ቢልህ መብቱ ነው፣ ኮንትራትህን እይ። እንደኔ ከሆነ ከሱ ጋር ተጣልተህ አትውጣ፣ የጥቂት ሰከንድ ዲሌይ (ድምጹን አዘግይቶ የሚያስተላልፍ) እንዲገጠምልህ ጠይቀው፣ ስልክ የሚያነሳልህ አንድ ሰው አስቀምጥ፣ አድማጩ ከመግባቱ በፊት ስሙንና ምን ሊናገር እንደሆነ ይጠይቀው፣ ጣትህን ከመቁረጫው በተን አታርቅ። አንዱ ቢያመልጠው እንኳን ቆርጠኸው "ይቅርታ አድማጮች" ብለህ ቀጥል። ያን ሁሉ አሟልተህም ፖለቲካ አይወራም ካለህ ምክንያቱ ኤፍሲሲ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ በግልጽ ጠይቀው፣ ሌላም ጣቢያ ማፈላለግ ጀምር።