ተከሳሽ መጥሪያ አልቀበልም ሲል፦ ለአዳማው ጠያቂያችን

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ አዳማ ውስጥ ያበደሩትን ገንዘብ ለማስመለስ ክስ መሥርተዋል። ፍራንኮ ሰፈር ተከሳሹ ቤት መጥሪያ ይዘው ሦስት ጊዜ ሄደዋል፤ ሁለቴ ሠራተኛዋ "የሉም" ብላለች፣ በሦስተኛው ሰውየው ራሱ ወጥቶ "አልፈርምም" ብሎ በሩን ዘግቷል። ለቀጠሮው 6 ቀን ቀርቷል። "በቀጥታ በጋዜጣ ይጠራልኝ ብዬ ላመልክት?" ነው የሚሉት።

አሁን አያመልክቱ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 105 መሠረት በጋዜጣ መጥራት ወይም በቤቱና በፍርድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የሚታዘዘው፣ ተከሳሹ ሆን ብሎ እየተሸሸገ መሆኑን ወይም መጥሪያው በተለመደው መንገድ ሊደርሰው የማይችል መሆኑን ችሎቱ ሲያምን ነው። የእርስዎ ሰው ግን አልጠፋም፤ ፊት ለፊት ተገኝቶ እምቢ ብሏል። የጠፋ ሰውና እምቢ ያለ ሰው የሚያስፈልጋቸው ማስረጃ የተለያየ ነው። እርስዎ ማስረዳት ያለብዎት እምቢታውን ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ እንደገና ይሂዱ፣ ግን ብቻዎን አይሂዱ። ዘመድ ያልሆኑና በገንዘቡ ጥቅም የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይያዙ፤ ከቀበሌው አንድ ሰው ቢጨመር የተሻለ ነው። መጥሪያውን ብቻውን አይስጡ፤ የክስ ማመልከቻው ቅጂና የተያያዙት ማስረጃዎች ሁሉ አብረው መሆን አለባቸው። መጥሪያው ደርሶ አባሪው ቢጎድል ተከሳሹ ቀርቦ "በምን እንደተከሰስኩ አላውቅም" ይላል፣ ቀጠሮም ይቃጠላል። ተከሳሾቹ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ይድረስ፤ ለባል የተሰጠ ለሚስት ደረሰ አይባልም።

ወረቀቱን ሲዘረጉለት የመዝገብ ቁጥሩን፣ ችሎቱንና የቀጠሮውን ቀን ጮክ ብለው ይንገሩት። እምቢ ካለ እዚያው ቆመው በቀሪው (ተፈርሞበት ለፍርድ ቤቱ በሚመለሰው የመጥሪያ ቅጂ) ጀርባ ላይ ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የት በር ላይ እንደሆነ፣ ያለውን ቃል እንዳለ ("ጠበቃዬን ሳላማክር አልፈርምም" ካለ ያንኑ)፣ የምስክሮቹን ሙሉ ስምና ፊርማ። "ፈቃደኛ አልሆነም" ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቀሪ ዳኛን አያሳምንም፤ ብዙ መዝገብ የሚጓተተው በዚህች አንድ መስመር ነው። ከዚያ በቃለ መሃላ አረጋግጠው ከቀጠሮው ቀን በፊት ለመዝገብ ቤት ያስገቡ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቃለ መሃላውም በዚያው ቋንቋ ይጻፍ። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መማል በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ምስክሮችዎ ይወቁ።

ለሠራተኛዋ ትተው አይምጡ። ተከሳሹ ሲታጣ ሊቀበልለት የሚችለው አብሮት የሚኖር፣ ለአካለ መጠን የደረሰ የቤተሰብ አባል ነው። ሠራተኛ፣ ዘበኛ ወይም ተከራይ ፈርሞ ከመጣ ክርክር ይነሳል። በቴሌግራም ፎቶ መላክንም ችሎቱ ካላዘዘ አይመኩበት።

ስለ 6 ቀኑ፦ ዛሬ ቢደርሰው እንኳ መልስ ለማዘጋጀት ይበቃል ወይ የሚለው ያጠያይቃል። ቁጥር 70 እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ መጥሪያው በአግባቡ ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ በአግባቡ ካልደረሰው ሁለተኛ መጥሪያ ይወጣል፤ ደርሶት ጊዜው ካነሰ ሌላ ቀን ይቀጠራል። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን የግድ ይቅረቡ፣ የሆነውን ያስረዱ፣ ጊዜው አጥሮ ከሆነ ራስዎ ተለዋጭ ቀጠሮ ይጠይቁ። መጥሪያው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤቱ መጥሪያ አድራሽ እንዲደርስ ትእዛዝ መጠየቅም ይችላሉ፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህንን ነው፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች በር ላይ ከሚፋጠጡ ሦስተኛ ሰው ቢያደርሰው ይሻላል። ይህም ሳይሳካ ሲቀር ነው ቁጥር 105 የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ቃለ መሃላውና የፖሊሱ ምላሽ መዝገቡ ውስጥ ስለሚገኙ ጥያቄዎ ክብደት ይኖረዋል። የጋዜጣውን ወጪም የሚከፍሉት እርስዎ እንደሆኑ አስቀድመው ያስቡበት።

ብዙ ከሳሾች ተከሳሽ ሲቀር ደስ ይላቸዋል፣ በሌለበት ፈጥኖ የሚያልቅ ስለሚመስላቸው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ግን በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ "መጥሪያ በአግባቡ አልደረሰኝም" ብሎ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ይችላል። አንድ ወሩ የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን ሳይሆን ካወቀበት ቀን መሆኑን ልብ ይበሉ። ያን ጊዜ ችሎቱ የሚመለከተው ያቺኑ ቀሪ ነው። ለመዝገብ ቤት ከማስገባትዎ በፊት ፊትና ጀርባዋን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ገቢ የሆነበትን ቀን በእርስዎ ኮፒ ላይ ያስፈርሙ።