ዋቱን ልቀንስ ወይስ ዲግሪውን ልጠቀም?

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር አንድ አንባቢ እንዲህ ጠይቋል፦ «ውጭ አገር ያለ ወንድሜ የሰጠኝ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) አለ። ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያግለው ሽቦና ጥጥ) ላይ 0.4 ኦም፣ ከ40 እስከ 60 ዋት ይላል። 60 ላይ ነው የምጠቀመው። ቶሎ ያራል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። በዋት ፋንታ በሙቀት ዲግሪ መቆጣጠር ይሻላል ብዬ 220 ላይ ባደርገውም ለውጥ የለውም። ቅያሪ ኮይልስ ታይዋን ገበያ አገኛለሁ?»

አቦ፣ መጀመሪያ ከ60 ውረድ! እሱ ጣሪያው ነው። አዲስ ኮይል ስትገጥም ፈሳሹን ሞልተህ አሥር ደቂቃ ያህል ተወው፤ ጥጡ በደንብ ይጠጣ። ከዚያ ከ40 ጀምርና ሁለት ሁለት ዋት ጨምር። የማረር ጣዕም ከመጣ ወዲያው መልሰህ ቀንስ። ቶሎ ቶሎ የምትስብ ከሆነ ደግሞ 45ም ይበዛል፣ ጥጡ ፈሳሽ ለመሳብ ፋታ ይፈልጋል። አንዴ ያረረ ጥጥ አይድንም። ጭሱን አትሳበው፣ ኮይሉን ጣለው።

ዲግሪው አልሠራ ያለህ ሽቦው ካንታል (የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ) ስለሆነ ይመስለኛል። መሣሪያው ቴርሞሜትር የለውም። ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ) ምን ያህል እንደጨመረ አይቶ ነው ሙቀቱን የሚያሰላው። ካንታል ቢግልም ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ የሚሰላ ነገር የለም። በዲግሪ ለመጠቀም የኒኬል፣ የቲታኒየም ወይም 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ሽቦ ያስፈልጋል። ሜኑው ውስጥም የሽቦውን ዓይነት በትክክል መምረጥ አለብህ።

ሽቦው ትክክለኛው ቢሆንም ድሬ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። መሣሪያው ኮይሉ «ቀዝቃዛ» እያለ ያለውን ሬዚስታንስ መነሻ ያደርጋል፤ ብዙውን ጊዜ ያንን 20 ዲግሪ ብሎ ነው የሚይዘው። እኛ ጋ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ኮይሉ 40 ዲግሪ ላይ እያለ መነሻውን ካስያዝከው፣ በማይዝግ ብረት ሽቦ 220 ብለህ የሞላኸው በተግባር 244 አካባቢ ይደርሳል። ስክሪኑ ግን 220 እያለ ይዋሽሃል። ስለዚህ መነሻውን ጠዋት በማለዳ አስይዘውና ቆልፈው። ወይም 200 ላይ ሙላው። ሐረር ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አላስቸግርህም ነበር።

ሙቀት ሲጨምር ጎጂ ውህዶችም ይበዛሉ፤ ፎርማልዲሃይድ አንዱ ነው። ዲግሪ መቀነስ ያንን ያሳንሳል እንጂ ነገሩን ጤናማ አያደርገውም። ሳንባህን ከጠየቅከኝ፣ ብትተወው ይሻላል።

ታይዋን ስላልከው፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስመጣትንም መሸጥንም ከልክሏል። እዚህ ላይ አልረዳህም።

ባትሪውን ግን ዛሬውኑ እይልኝ። 50 ዋት በአንድ ባትሪ ሲሠራ ከ13 አምፔር በላይ ይስባል፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ባትሪ ይህን ላይችል ይችላል። የውጭ ላስቲኩ የተቀደደ ከሆነ አውጥተህ አስወግደው። ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ኪስህ ውስጥ አትክተተው። ከዚራ ሰፈር ፀሐይ ላይ ያቆምከው መኪና ውስጥም ትተኸው አትሂድ።