በአንድ ፊልም ብቻ የሚታወቅን ዳይሬክተር ሕይወት ስለ ማጥናት (መልስ)

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአነስተኛ በጀት አንድ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ስሙ ስለ ጠፋ አሜሪካዊ ዳይሬክተር ጥናቱን ከየት መጀመር እንደሚሻል ለጠየቁት፣ ከሰውየው ስም ይልቅ ፊልሙ ከተቀረጸበት ከተማ ቢነሡ ይሻላል እላለሁ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በቴክሳስ ግዛት፣ በኤል ፓሶ፣ ማዳበሪያ ይሸጥ የነበረው ሃሮልድ ዋረን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 «ማኖስ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም በ19 ሺህ ዶላር ገደማ ሠርቶ እዚያው ከተማ ያስመረቀ ሲሆን፣ ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ከአካባቢው የቴአትር መድረክ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ላለው ሰው የከተማው ዕለታዊ ጋዜጣ፣ በተለይም የምረቃ ዜናውና የሞት ማስታወቂያው፣ ከየትኛውም የሆሊውድ መዝገብ የበለጠ ይናገራል።

ቀጥሎ የቅጂ መብት ምዝገባ ዝርዝሮችን ይመልከቱ፤ ባለመብት ሆኖ የተመዘገበው ብዙ ጊዜ ድርጅት በመሆኑ፣ ያ ስም ወደ ግዛቱ የንግድ ምዝገባ፣ ከዚያም ወደ ገንዘብ አውጪዎቹ ይመራል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ለሕዝብ የሚከፈቱት ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ለጊዜው የሚያገኙት የቅርብ ጊዜ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የ1950ው ነው።

የቀድሞ ባልደረቦችን ትዝታ ግን በጥንቃቄ ይያዙ። ዋረን ፊልሙን የሠራው ከአንድ የታወቀ የስክሪን ድርሰት ጸሐፊ ጋር በገባው ውርርድ ነው የሚለው ታሪክ፣ ደጋግሞ በመነገሩ ብቻ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባውም (ደግሞም አድናቂዎች እንዲህ ያለውን ወሬ እጅግ እንወዳለን)። በሕይወት ያሉ ቤተሰቦቹን ለማነጋገር ካሰቡ፣ ሰነዶቹን አስቀድመው አንብበው በጨዋ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ዝም ካሉም ዝምታቸውን ያክብሩ።