ልጆቼ፣ ተፈጥሮ የሰጠውን ከልማድ ለዩ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሳዋልድ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ጾታና ስለ ወሲብ በየቤታችን ስለማይወራ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከጓደኛ ወይም ከስልክ ያገኛችሁትን ነው። ከአዋላጅም ብትሰሙ ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ጾታ የሚወሰነው ገና ሲጸነስ ነው። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ የሚባለውን ክሮሞዞም ነው። አባት ግን ወይ ኤክስ ወይ ዋይ ይሰጣል። ኤክስ ከሰጠ አብዛኛውን ጊዜ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ ይወለዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአባት ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን መርጦ አይሰጥም። ታዲያ «ሴት ብቻ ነው የምትወልደው» እየተባለች አንገቷን ደፍታ የኖረች እናት ስንት ናት! ወንድ ልጅ ፍለጋ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ያገባ ባል አውቃለሁ። እናንተ ይህን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። እባካችሁ ቡና ሲፈላ ለቤተሰብ ንገሩልኝ።

አንዳንድ ሕፃን ደግሞ ወንድ ነው ሴት ብሎ ለመለየት የሚያስቸግር አካል ይዞ ይወለዳል። እርግማን የለበትም። ሐኪም ይየው እንጂ ቤት ውስጥ አይደበቅ።

ሥርዓተ ጾታ የሚባለው ሌላ ነው። ወንድ ይህን ይሥራ፣ ሴት እንዲህ ትሁን ብለን እኛው ያከፋፈልነው ነው። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ውኃና እንጨት ትሸከማለች። እርፍ ግን አትጨብጥም። አቅም አጥታ ይመስላችኋል? አባይን ተሻግራችሁ ፎገራ ብትሄዱ፣ ዙምራ ኑሩ በመሠረተው በአውራምባ ማኅበረሰብ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። አካላቸው እንደ እኛው ነው። ልማድ ወንዶቹንም ይጎዳል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ልጅ ሕመሙን ደብቆ ደብቆ፣ ከባሰበት በኋላ ነው ጤና ጣቢያ የሚመጣው።

ወሲባዊነት ስሜታችንን፣ ወደ ሰው መሳባችንን፣ ስለ ገላችን የምናስበውንና የምንወስነውን ሁሉ ይይዛል። በጉርምስና ወንዶች ሕልመ ሌሊት ያያሉ፣ ሴቶች የወር አበባ ይጀምራሉ። ሁለቱም የጤና ናቸው፤ የሚያሳፍር ነገር የላቸውም። ስሜቱ መጣ ማለት ግን ይደረግ ማለት አይደለም። ሌላው ሰው በግልጽ እሺ ማለት አለበት። ዝም ማለት፣ መፍራት፣ ስጦታ መቀበል፣ አብሮ ሻይ መጠጣት እሺታ ሊሆን አይችልም። ወንዶች ልጆቼ፣ ይህን ለእናንተ አጥብቄ ነው የምነግራችሁ። «እምቢታዋ ለወጉ ነው» የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ።

ስለ ብር አምባርም ሳልናገር አላልፍም። በሠርጉ ሌሊት ደም ካልታየ ሙሽራዋ ትዋረዳለች፣ ወላጆቿም ያፍራሉ። ስስ የሆነው የብልት ሽፋን ከሴት ሴት ይለያያል። ሲፈጠር የሌላት አለች፣ የሚለጠጥ ሽፋን ያላት አለች፣ ስፖርት ስትሠራ የሚሳሳባትም አለች። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ግንኙነት ጭራሽ አይደሙም። የትኛውም ሐኪም አይቶ ድንግል ናት፣ አይደለችም ሊል አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም የድንግልና ምርመራ እንዲቀር እ.ኤ.አ. በ2018 ጠይቋል። አንዲትን ልጅ በጨርቅ ላይ ባለ ደም መፍረድ ግፍ ነው። እኔ በዚህ አልደራደርም።

በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም የሚባለውም ሐሰት ነው። ልጅቷ የመጀመሪያውን የወር አበባ ከማየቷ በፊት እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ገላዋ ሳይጠና የወለደች ደግሞ ምጡ ሲራዘምባት ለፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ለሚያሳጣ ጉዳት፣ ትጋለጣለች። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እንዲህ የተጎዱ እናቶችን ያክማል። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከዚያ በፊት የሚድር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይጠየቃል። ሽማግሌ ተላከ ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ለመምህራችሁ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቶሎ ንገሩ።

ተገዳ የተደፈረች፣ ወይም የተደፈረ፣ ገላ ሳይታጠብ፣ ልብስ ሳይታጠብ ወደ ጤና ተቋም ይምጣ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እርግዝና የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን የተሻለ ነው። ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች የተለየ አገልግሎት ስላላቸው በሩ ላይ ጠይቁ። የነገራችኋቸውን በምስጢር መያዝ ግዴታቸው ነው።