ሲሊንደር ማስፋት ጉልበት ይጨምራል?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ዳትሰን 240ዜድ አለኝ። ኤል24 የተባለው ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ስለሚያወጣ አስወርጄ ላሳድሰው አስቤአለሁ። በዚያው ሲሊንደሮቹን ማስፋት፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) በማሽን ማስላግና ቫልቮቹን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት ማስገባት ጉልበቱን በእርግጥ ይጨምሩልኛል?

መልስ፦ ሲሊንደር ማስፋት እላቂን ማስወገጃ እንጂ ጉልበት ማምጫ አይደለም። የሞተርዎ ሲሊንደር ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73.7 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑም 2,393 ሲሲ ነው፤ በግማሽ ሚሊሜትር ቢያሰፉት ስድስቱ ተደምረው የሚገኘው ጭማሪ 29 ሲሲ ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ሳይወርድ ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን መስጫውን ለቀው ቆይተው መልሰው ሲረግጡ ብቻ የሚታይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ዘይት የሚያግዱት የቫልቭ ጎሚኒዎች ናቸው። ከዚያ ሞተሩን አሙቀው፣ የማቀጣጠያውን መስመር ነቅለው፣ ስድስቱንም ካንዴላ አውልቀው፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ይለኩ። በደከመው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮቹን ይመርምሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ ግን ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) በመካከላቸው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ማስፋት ግድ ከሆነ ፒስተኖቹ ተገዝተው ባለማሽኑ እጅ ሳይገቡ ሲሊንደሩ አይነካ።

ቴስታታውን ማስላግ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ የተቀመጠው ቴስታታው ላይ ስለሆነ፣ በተላገ ቁጥር ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዘንግ፣ ወደ ክራንክሻፍቱ፣ ይቀርባል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰንሰለት ይላላል፣ የቫልቮቹም መክፈቻ ጊዜ ይዘገያል። ብዙ ከተላገ የካምሻፍቱን መቀመጫዎች በዚያው ልክ በስስ ብረት ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ በደንብ የታደሰ ሞተር እንኳ የደከመ ሆኖ ይቀራል።

በየቀኑ ለሚነዱት መኪና ለስለስ ያለ ካምሻፍት እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ቫልቭን አብዝቶ ከፍቶ የሚያቆየው፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የገባውን ድብልቅ በከፊል መልሶ ያስወጣል። የትኛውንም ቢመርጡ ሞተሩ ሲገጠም በፒስተኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ሸክላ ይለጥፉ፤ ቴስታታውን ከነጓርኒሲዮኑና ከነሰንሰለቱ አስረው ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ከዚያ ከፍተው ሸክላውን በምላጭ ይቁረጡና ቫልቩ የተጫነበትን ውፍረት ይለኩ። በማስገቢያው ከ2 ሚሊሜትር፣ በጭስ ማውጫው ከ2.5 ሚሊሜትር ካነሰ ያ ካምሻፍት ከእነዚያ ፒስተኖች ጋር መግባት የለበትም።