የሌሊቱ ባቡር በሰዓቱ መነሳቱን በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ከእናቴ ጋር ረጅም መንገድ አለብን። ቀን በአንድ ባቡር እንጓዝና ትልቅ ጣቢያ ላይ ወርደን፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚነሳውን የሌሊት ባቡር እንይዛለን። በመሃል ያለን 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ትኬቶቹን ለየብቻ ነው የቆረጥኳቸው። አፑ ላይ ሳየው የሌሊቱ ባቡር «በሰዓቱ» ይላል፣ በዚያ መስመር የሄዱ ሰዎች ግን ሁሌ ይዘገያል ይሉኛል። ማንን ልመን? እናቴን ይዤ ጣቢያ ማደር አልፈልግም።

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሰዎቹን እመኚ። ገና ያልተነሳ ባቡር ላይ «በሰዓቱ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ምንም አይነግርሽም። ስለ መዘግየት እስካሁን ማንም ምንም ስላላስገባ ሲስተሙ የፕሮግራሙን ሰዓት መልሶ ያሳይሻል፣ በቃ። እኔም በዚህ ተሸውጄ አውቃለሁ። ስልኬ «በሰዓቱ» እያለ መድረኩ ላይ ቆሜ፣ መነሻው ሰዓት አለፈ፣ ሩብ ሰዓት ተጨመረ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይዘገያል ተባለ። ለካ ባቡሩ ራሱ ከሄደበት ገና አልተመለሰም ነበር።

ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። የሌሊት ባቡር ማታ ከየትም ብቅ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ማታ የምትሳፈሩባቸው ፉርጎዎች ጠዋት ወይም ቀን ላይ ከሌላኛው ጫፍ የመጡት ናቸው። መጥተው ይጸዳሉ፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ውሃ ይሞላል፣ ፍሬኑ ይፈተሻል፣ ከዚያ ማታ ወደመጡበት ይመለሳሉ። ስለዚህ የራስሽን ባቡር ትተሽ መጀመሪያ መጪውን ፈልጊ። ማግኘቱ ከባድ አይደለም፣ በብዙ አገር የሂያጁና የተመላሹ ባቡር ቁጥር ጎረቤት ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዜፊር የሚባለው ባቡር ሲሄድ 5፣ ሲመለስ 6 ነው። በህንድ የሙምባይ ራጅዳኒ የሚባለው ባቡር 12951 እና 12952 ነው። ማታ 4 ሰዓት የሚነሳው ባቡር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መግባት ሲኖርበት 5 ሰዓት ላይ ቢገባ አያሳስብም፣ ለማጽዳት በቂ ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ካልገባ ግን አፑ ምንም ቢል እኔ አላምነውም።

አንድ ነገር ልብ በይ። በጣም ረጅም መስመር ላይ ዛሬ የገባው ባቡር የሚመለሰው ነገ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ጣቢያ ላይ መለዋወጫ ፉርጎ የሚኖርበት ጊዜም አለ። ይሄን ለማወቅ ከዛሬ ጀምረሽ እስክትጓዙ ድረስ በየቀኑ ሁለቱንም ተመልከቺ፤ መጪው ስንት ሰዓት ገባ፣ የእናንተው ስንት ሰዓት ተነሳ። መጪው እየዘገየም የእናንተው በሰዓቱ ከተነሳ ጥሩ ነው። ሁለቱ አብረው የሚዘገዩ ከሆነ ግን መልስሽን አገኘሽ። የአምስት ስድስት ቀን ማስታወሻ ከማንም ወሬ ይበልጣል።

እስካሁን ያልኩት ባቡሩ ከእናንተ ጣቢያ የሚነሳ ከሆነ ነው። ከሌላ ቦታ ተነስቶ በእናንተ ጣቢያ የሚያልፍ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ በጉዞ ላይ ስላለ የት እንዳለ በቀጥታ ይታያል። ወጥመዱ ቀኑ ነው። ካሊፎርኒያ ዜፊር ከቺካጎ ካሊፎርኒያ ውስጥ እስካለው ኤምሪቪል ከ50 ሰዓት በላይ ስለሚሄድ በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ሦስት ባቡሮች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። በህንድም የባቡር መከታተያው ኤንቲኢኤስ ላይ የምትመርጪው ባቡሩ ከመጀመሪያ መነሻው የተነሳበትን ቀን ነው። አንቺ የምትሳፈሪበትን ቀን ከመረጥሽ የሌላ ባቡር ወሬ እያነበብሽ ልትረጋጊ ትችያለሽ።

ለምን ይዘገያል የሚለውም ለመገመት ይጠቅማል። በሰሜን ህንድ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጉም ባቡሮችን በሰዓታት ያዘገያል፣ ይሄ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው። በአሜሪካ የተሳፋሪ ባቡር ድርጅቱ አምትራክ በአብዛኛው የሚሄደው የጭነት ድርጅቶች ሐዲድ ላይ ስለሆነ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ሕግ እያለ እንኳ ረጅም የጭነት ባቡር እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ የሐዲድ ጥገና ነው። ጥገና በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነው፣ ስለዚህ የሌሊት ባቡሮች ፕሮግራም ለተወሰኑ ቀናት ይቀየራል፣ አንዳንዴ መነሻው ሰዓት ቀደም ይላል። ትኬቱን ከቆረጥሽ በኋላ ሰዓቱ ተቀይሮ እንዳይሆን ዛሬውኑ እንደገና እይው።

የድርጅቶቹን መቶኛም ስታነቢ ተጠንቀቂ። በጀርመን ባቡር በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው መዘግየቱ ከ6 ደቂቃ በታች ሲሆን ነው፣ የተሰረዘ ባቡር ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። በዚህ አቆጣጠር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 የረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶው ናቸው። ስዊዞች መለኪያቸውን 3 ደቂቃ አድርገው፣ ተሳፋሪው ቀጣይ ባቡሩን ማግኘቱንም ለብቻ ይቆጥራሉ። ላንቺ የሚጠቅምሽ ይሄ ሁለተኛው ቁጥር ነበር፣ ግን ብዙዎቹ አይሰጡም።

አሁን ወዳልጠየቅሽኝ ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ስጋት እሱ ነው። የሌሊቱ ባቡር ቢዘገይ ትጠብቃላችሁ፣ ይደክማችኋል፣ ግን ትሄዳላችሁ። የቀኑ ባቡር 50 ደቂቃ ከዘገየ ግን ቀረባችሁ፣ ቀጣዩ ደግሞ ነገ ማታ ነው። ያውም ከመድረክ መድረክ ደረጃ ወጥቶ ሻንጣ ጎትቶ መሄድ አለ፣ እናትሽን አስቢ። በኔ አስተያየት ከዚያ በፊት ባለው የቀን ባቡር ሂዱ። ሁለት ሰዓት ጣቢያ ተቀምጦ መጠበቅ አሰልቺ ነው፣ ግን እንቅልፍ ይነሳሻል እንዴ? አይነሳሽም። እኔ ብቻዬን ስጓዝም ከሌሊት ባቡር በፊት ከሁለት ሰዓት ያነሰ አልተውም።

ትኬቱንም አስተካክዪ። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ትኬት ውስጥ ቢሆኑ ስታመልጡ የምታወሩት ከአንድ ወገን ጋር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2023 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ፣ ባመለጠ ቀጣይ ባቡር ምክንያት 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለመድረስ የተገደደ ሰው ገንዘቡን መቀበል ወይም ጉዞውን በሌላ ባቡር መቀጠል ይችላል። ድርጅቱ በ100 ደቂቃ ውስጥ አማራጭ ካላሳወቀው ራሱ ሌላ ባቡር ወይም አውቶቡስ ይዞ ተገቢውን ወጪ ይጠይቃል። ማደር ግድ ከሆነም ማረፊያ እስከተገኘ ድረስ ድርጅቱ ማቅረብ አለበት። በህንድ ደግሞ ከኤፕሪል 2019 ወዲህ የሁለት ባቡር ትኬቶችን ማያያዝ ይቻላል፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠ ያልተሄደበት ጉዞ ገንዘብ ይመለሳል። ለየብቻ የተቆረጡ ትኬቶች ግን እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ጉዞዎች ነው የሚታዩት። በአንድ ይቀየሩልኝ ብለሽ ዛሬ ጠይቂ።

የጉዞው ቀን መጪውን ባቡር ጠዋት እይው፣ ከመሳፈራችሁ በፊት እይው፣ ልትደርሱ ሁለት ሰዓት ሲቀር እይው። የቀኑ ባቡር መዘግየት ከጀመረ ቶሎ ለትኬት ተቆጣጣሪው ንገሪ፣ ልትወርዱ ስትሉ አይደለም። ስንት ሰው እንደሆናችሁና የትኛውን ባቡር እንደምትይዙ ካወቀ ደውሎ ትንሽ እንዲጠብቃችሁ መጠየቅ ይችላል። የቀኑ መጨረሻ ባቡር ከሆነ አንዳንዴ ያቆዩታል። ቃል አይገቡም፣ ግን ዝም ያለ ሰው አይጠበቅም። የመዘግየቱን ማስታወቂያም ስክሪንሾት ያዢ፣ ገንዘብ ስትጠይቂ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ «በ15፣ 00፡20» ይላል። የምሄደው በ15 ማታ ነው ወይስ በ14?

መልስ፦ ጣቢያ የምትሄደው በ14 ማታ ነው፣ ወንድሜ። 00፡20 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ20 ነው፣ የትኬቱ ቀን ደግሞ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ 15 ይገለበጣል። በ15 ማታ ብትሄድ ባቡሩ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ባቡሩ የት እንደደረሰ ስትከታተልም ከመነሻው የወጣው በ14 ከሆነ 14ን ምረጥ። የሚያገናኝህ ሌላ ባቡር ካለ እሱንም በ14 መቁረጥህን አሁኑኑ አረጋግጥ።